ወንበሩን የሚከፍለው ማን ነው? የአርክቲክ መንደሮችና የትንንሽ አየር መንገዶቻቸው ሒሳብ

በቤሪንግ ባሕር ላይ ባለችው ሳቩንጋ የተባለች የአላስካ መንደር ሱቅ ገብቶ አንድ ካርቶን ለስላሳ መጠጥ የሚገዛ ሰው፣ በፖስታ የተላከ ዕቃ እየገዛ ሊሆን ይችላል። ቀልድ አይደለም። መጠጡም፣ ዳይፐሩም፣ የታሸገው ምግብም በፓሌት ተደርድሮና በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ የፖስታ ታሪፍ ተከፍሎበት ነው ከአላስካ ትልቁ ከተማ ከአንኮሬጅ የሚነሣው። ወደ መንደሯ መኪና የሚያስገባ መንገድ የለም። መርከብም የሚደርሰው ባሕሩ ከበረዶ ነፃ በሚሆንባቸው ጥቂት ወራት ነው። በቀረው ጊዜ ሰውም ዕቃም የሚመላለሰው ከኖም ከተማ በሚነሡ ትንንሽ አውሮፕላኖች ነው።

ከአላስካ የመኖሪያ ሥፍራዎች ከአሥሩ ስምንቱ ገደማ ከግዛቲቱ የመንገድ መረብ ጋር አይገናኙም። በሰሜን ካናዳ ያለችው የኑናቩት ግዛት ደግሞ 25 የመኖሪያ ሥፍራዎች አሏት፤ አንዱም ከሌላው ጋር፣ አንዱም ከደቡብ ካናዳ ጋር በመኪና መንገድ አይገናኝም። እነዚህን ቦታዎች የሚያገለግሉት አየር መንገዶች ያለፉትን ጥቂት ዓመታት በጭንቅ ነው ያሳለፉት (እዚህ የተጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። 2025 ብቻውን ብዙ ነገር ይዞ መጣ። በየካቲት 6 ከኡናላክሊት ወደ ኖም ይበር የነበረ ሴስና ካራቫን የተባለ ትንሽ አውሮፕላን ወድቆ አሥር ሰዎች ሞቱ። በሐምሌ የኑናቩት ዋነኛ አየር መንገድ የሆነው ካናዲያን ኖርዝ ተሸጠ። በነሐሴ ራቭን አላስካ የተባለው አየር መንገድ እስከ ወዲያኛው በረራ አቆመ። በጥቅምት የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በጀት ሳይጸድቅለት ቀርቶ ሥራ ሲያቆም፣ ለሩቅ ከተሞች በረራ የሚከፈለው ድጎማ በቀናት ውስጥ እንደሚያልቅ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ አስታወቀ። ኋላ ከሌላ ቋት ገንዘብ ተገኝቶ በረራው ቀጠለ እንጂ፣ የብዙ መንደሮች ግንኙነት በስንት ቀን በጀት ላይ እንደተንጠለጠለ ያን ሰሞን በግልጽ ታየ።

የእነዚህን ኩባንያዎች ችግር ብዙ ሰው የሚያየው በቲኬት ዋጋ በኩል ነው። "ለምን ይህን ያህል ይወደዳል? ለምን ተወዳዳሪ አይገባም?" ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ከጎን ይመታል። እነዚህ አየር መንገዶች በቲኬት አይኖሩም። አንዲት አውሮፕላን ከመሬት የምትነሣው ፖስታው፣ የሱቁ ዕቃ፣ በመንግሥት ወጪ የሚጓዘው ሕመምተኛ፣ መምህሩና ከራሱ ኪስ የከፈለው መንገደኛ ተደማምረው ወጪዋን ሲሸፍኑ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከተነሣ የሌላው ዋጋ ይጨምራል፤ ሁለቱ ከተነሡ በረራው ይቀራል።

ፖስታ ቤት የማይገባው ፖስታ

በአላስካ "ባይፓስ ሜይል" የሚባለው አሠራር የተጀመረው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ፖስታ ቤቶቹ በየቀኑ የሚጎርፈውን የሱቅ ካርቶን መያዝ ስላቃታቸው፣ ዕቃው ፖስታ ቤት ሳይገባ በቀጥታ ከጅምላ ነጋዴው መጋዘን ወደ አየር መንገዱ እንዲሄድ ተደረገ። አንድ ትእዛዝ ቢያንስ 1,000 ፓውንድ፣ ማለትም 454 ኪሎ ገደማ መሆን አለበት። ጅምላ ነጋዴው በአንኮሬጅ ወይም በፌርባንክስ ፓሌቱን ያዘጋጃል። ትልቅ አውሮፕላን እንደ ኖም፣ ቤተልና ኮትዘቡ ወዳሉ ማዕከላት ያደርሰዋል። እዚያ ፓሌቱ በትንሿ አውሮፕላን በር ስለማያልፍ ይፈታና ካርቶን በካርቶን፣ በእጅ ይጫናል። የመጨረሻው አየር መንገድ ዕቃውን ሱቁ ድረስ ያስረክባል።

ባለሱቁ የሚከፍለው የፖስታ ታሪፍ ነው። ፖስታ ቤቱ ደግሞ ለአየር መንገዱ የሚከፍለው በአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የሚወሰነውን፣ ከታሪፉ እጅግ የሚበልጥ ዋጋ ነው። ልዩነቱ የፖስታ ቤቱ ኪሳራ ነው። የፖስታ ቤቱ ዋና ተቆጣጣሪ በ2011 ባወጣው ሪፖርት ኪሳራውን በዓመት ከ70 ሚሊዮን ዶላር በላይ አድርጎ ነበር ያሰላው።

እዚህ ላይ አንድ ብልሃት ያለበት ሕግ አለ። በ1990ዎቹ ሰው ሳይጭኑ ፖስታ ብቻ እያመላለሱ የሚኖሩ ድርጅቶች በርክተው ነበር፤ መንገደኛ የሚጭኑት ደግሞ ይከስሩ ነበር። ኮንግረሱ በ2002 ባወጣው ሕግ የባይፓስ ፖስታውን ትልቁን ድርሻ፣ 70 በመቶውን፣ በመስመሩ ላይ መንገደኛ በብዛት ለሚያጓጉዙት ኩባንያዎች ሰጠ። ከቀረው አብዛኛው ፖስታ ያልሆነ ጭነት ለሚያመላልሱት ሄደ። የሕጉ ትርጉም ግልጽ ነው፤ ፖስታውን የፈለገ ሰውም ይጫን። በእኔ ግምት ለሩቅ መንደሮች ከወጡት የአቪዬሽን ሕጎች ሁሉ የተሻለው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ድጎማው ሰውየውንና ካርቶኑን አንድ አውሮፕላን ላይ ያስገባቸዋል። ጉድለቱ፣ ሕጉ የሚቆጥረው ኪሎ ነው። ሻይና ድንች ቺፕስ ከሕፃናት ወተት ጋር እኩል ይደጎማል።

ከዚህ ጎን ለጎን በ1978 የአየር መንገዶች ዋጋና መስመር ከመንግሥት ቁጥጥር ነፃ ሲወጣ የተቋቋመው የአስፈላጊ አየር አገልግሎት ፕሮግራም አለ። በአላስካ ከ60 በላይ መንደሮች በዚህ ይታቀፋሉ። ለመንደር ሕይወት ግን ከእሱ ይልቅ ፖስታው ይበልጣል።

አራት ሺህ ኪሎ

ሒሳቡ በአንዲት አውሮፕላን ላይ ምን እንደሚመስል እንየው። በአላስካ መንደሮች መካከል በብዛት የምትታየው ሴስና ግራንድ ካራቫን ናት። አንድ ተርቦፕሮፕ (ፕሮፔለር የሚያሽከረክር ተርባይን) ሞተር፣ ከፍ ያለ ክንፍ፣ ከሆዷ ሥር የተለጠፈ የጭነት ሣጥን፣ አንድ አብራሪ። ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን በአሜሪካ ሕግ ከዘጠኝ መንገደኛ በላይ አይጭንም።

የአዲሱ ዓይነት ካራቫን ሲነሣ የሚፈቀድለት ከፍተኛ ክብደት 8,807 ፓውንድ፣ ወደ 4,000 ኪሎ ገደማ ነው። ባዶዋን ከነወንበሯ፣ ከነጭነት ሣጥኗና ከነበረዶ መከላከያዋ 2,450 ኪሎ ያህል ትመዝናለች እንበል። 1,550 ቀረ። አብራሪው ከነካፖርቱ 90። ነዳጅ በሰዓት 180 ኪሎ ገደማ ትጠጣለች። የአንድ ሰዓት መንገድ፣ መድረሻው ከተዘጋ ወደ ሌላ ማረፊያ የሚወስድ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ሕጉ የሚያዘው የ45 ደቂቃ መጠባበቂያ ሲደመር 450 ኪሎ ይሆናል። የቀረው 1,000 ኪሎ ገደማ ነው። በወፍራም ልብስና በከባድ ጫማ ዘጠኝ ሰው በአማካይ 90 ኪሎ ቢመዝን 810 ይወስዳል። ለዘጠኙ ሰዎች ሻንጣ፣ ለመድኃኒቱ፣ ለፖስታውና ለሱቁ ዕቃ 190 ኪሎ ተረፈ ማለት ነው። ሰው በነፍስ ወከፍ 20 ኪሎ ሻንጣ ከያዘ ለፖስታው የሚቀረው አሥር ኪሎ ነው።

ስለዚህ በጥሩ ቀን ፖስታው ወይም መንገደኛው ይቀራል፤ ወይም አውሮፕላኗ ሁለቴ ትመላለሳለች። አየሩ ሲበላሽ ራቅ ያለ ተለዋጭ ማረፊያ መያዝ ስለሚያስፈልግ ነዳጁ ይጨምርና የሚጫነው ይቀንሳል። መንደሩ ለሦስት ቀን በጉም ተዘግቶ ሲከፈት ደግሞ የሦስት ቀን ሰውና ዕቃ በአንድ ጠዋት ይሰለፋል። ከክብደት በላይ የመጫን ፈተና የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። አብራሪው ብቻውን ነው፤ መንገደኛው ቀብር ሊደርስ የቸኮለ ዘመድ ሊሆን ይችላል። በማዕከሉ ያለው ሠራተኛ ዕቃውን ሁሉ ሚዛን ላይ አውጥቶ መጻፉና መደመሩ የሚፈተነውም በዚያ ጠዋት ነው።

በየካቲት 2025 ስለወደቀችው ካራቫን የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ባወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት፣ አውሮፕላኗ ክንፍ ላይ በረዶ ሊጋግር በሚችል ደመና ውስጥ ለመብረር ከሚፈቀድላት ክብደት ወደ ግማሽ ቶን ገደማ በልጣ እንደነበር ተገምቷል። በዚያው ሪፖርት፣ የኖም መንደርደሪያ በረዶ እየተራገፈበት ስለነበረ ለጊዜው መዘጋቱን ተቆጣጣሪው ለአብራሪው ነግሮት ነበር፤ ትንሽ ቀስ ቢል ሲደርስ ሊከፈት እንደሚችልም ጭምር። ከዚያ ፍጥነቱ እየወረደ ሄደ። እነዚህ ሁለት ነገሮች ለየብቻ ሲታዩ የዘወትር ጉዳዮች ናቸው። ክንፍ ላይ በረዶ ካለ ግን ሁለቱም አንድ አቅጣጫ ነው የሚገፉት፤ በረዶ የክንፉን ቅርጽ ያበላሻል፣ ክብደት ይጨምራል፣ አውሮፕላኑ አየር ላይ መቆም የሚሳነውን ዝቅተኛ ፍጥነት ወደ ላይ ይገፋዋል። የከበደ አውሮፕላን ደግሞ ያን ፍጥነት ከፍ አድርጎ ነው የሚጀምረው።

ከላይ በረዶ፣ ከታች ተራራ

ለምን በረዶ ውስጥ ይገባሉ? ዝቅ ብለው አይበሩም ወይ? ይህ የአላስካ በረራ ቁልፍ ጥያቄ ነው።

በመሣሪያ ብቻ የሚበር አብራሪ በየመስመሩ የተወሰነ ዝቅተኛ ከፍታ አለው፤ ከዚያ በታች አይወርድም። በብዙ መስመሮች ያ ከፍታ አውሮፕላኗን ልክ በረዶ የሚጋገርበት ደመና ውስጥ ያስገባታል። አዲሶቹ ካራቫኖች በክንፋቸው ጠርዝ ባሉ እጅግ ደቃቅ ቀዳዳዎች ግላይኮል የተባለ ፈሳሽ የሚያመነጭ የበረዶ መከላከያ አላቸው። ጥሩ ነው፤ ግን ፈሳሹ የተወሰነ ነው፤ ሲያልቅ መከላከያውም አብሮ አለቀ። ለዚህ ሲሉ ብዙ አብራሪዎች ከደመናው ሥር ሆነው በዓይን እያዩ መብረርን ይመርጣሉ። እዚያ ደግሞ ጉም፣ ነጭ መሬት ከነጭ ሰማይ ጋር የሚመሳሰልበት ብርሃንና ተራራ አለ።

በጥቅምት 2016 ከክዊንሃጋክ ወደ ቶጊያክ ይበር የነበረ ካራቫን ተራራ መትቶ ሦስት ሰዎች ሞቱ። የምርመራው ዝርዝር ለማንኛውም የዚህ ሙያ ሰው ትምህርት ነው። አውሮፕላኗ መሬት ሲቀርብ የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ነበራት። መሣሪያው የተሠራው ግን በአግድም በረራ ላይ ከሥር ካለው መሬት 700 ጫማ ርቀት እንዲኖር ታስቦ ነው፤ ኩባንያው ደግሞ ሕጉ ስለሚፈቅድ በ500 ጫማ ይበር ነበር። ስለዚህ መሣሪያው በደህናው ቀንም ያለማቋረጥ ይጮኻል። አብራሪዎች ድምፁን መዝጋት ልማድ አደረጉት። በመጨረሻው ቀንም መሣሪያው ተዘግቶ ነበር። መሣሪያው ተገዝቶ፣ ተገጥሞ፣ ወረቀቱ ተሟልቶ ነበር፤ ለሚበሩበት አካባቢ አልተስተካከለም እንጂ።

በረዶውንም ተራራውንም ለማምለጥ የሚያስችለው ሦስተኛ መንገድ በሳተላይት የሚመራ ዝቅ ያለ መስመር ነው። ለዚህ ግን መድረሻው መንደር ላይ የታወቀ የአየር ጠባይ መለኪያ ጣቢያ መኖር አለበት። በአሜሪካ ሕግ፣ የንግድ አውሮፕላን በመሣሪያ ለማረፍ ባብዛኛው ከመድረሻው የጸደቀ የአየር ሪፖርት ያስፈልገዋል። ብዙ መንደሮች ጣቢያው የላቸውም። ያላቸውም ጣቢያው ደህና ሆኖ መረጃውን የሚያስተላልፈው የስልክ መስመር ተበጥሶ ለቀናት ዝም ይላል። አብራሪው መንደሯን ደውሎ "ምን ይታያችኋል?" ማለት ይችላል፤ ለሕጉ ግን መልሱ ብቻውን አይበቃም። በየመንደሩ የተተከሉት ካሜራዎች ብዙ ሕይወት አትርፈዋል፤ በመሣሪያ ለማረፍ ግን ካሜራ ብቻውን አይበቃም። የትራንስፖርት ደህንነት ቦርዱ በ2020 የአሜሪካ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ የሆነው ኤፍ.ኤ.ኤ ለአላስካ የተለየ፣ የተቀናጀ የደህንነት ዕቅድ እንዲያወጣ የጠየቀው ለዚህ ዓይነቱ ጣጣ ነው። ከዚያ በፊት ከ1999 ጀምሮ በቤተል አካባቢ ካፕስቶን በተባለ ፕሮጀክት ለትንንሽ አውሮፕላኖች የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚና መገኛቸውን የሚያስተላልፍ መሣሪያ በመንግሥት ወጪ ሲገጠም፣ መሣሪያው የተገጠመላቸው አውሮፕላኖች የአደጋ መጠን ወደ ግማሽ ገደማ ወርዶ ነበር። መፍትሔው አይታወቅም የሚል ሰው ስለዚህ አሳማኝ አይደለም።

ብርዱ ራሱ ሌላ ሥራ ነው። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ያደረ ሞተር ሳይሞቅ አይነሣም፤ ማታ ብርድ ልብስ መሰል ሽፋን ይለብሳል፣ ማሞቂያ ይሰካበታል፣ ባትሪው ወጥቶ ቤት ውስጥ ያድራል። ክንፍ ላይ ያደረ አመዳይ፣ ቀጭን እንደ ወረቀት ቢሆን እንኳ፣ መጠረግ አለበት። ጄት ኤ የተባለው የአሜሪካ ነዳጅ ከዜሮ በታች 40 ላይ፣ ጄት ኤ-1 ደግሞ 47 ላይ መርጋት ይጀምራል። ከፍታ መለኪያውም በብርድ ይዋሻል፤ በዚህ ብርድ ከማረፊያው 1,000 ጫማ በላይ ነኝ የሚለው አብራሪ በእውነቱ ያለው 240 ጫማ ገደማ ዝቅ ብሎ ነው። ማስተካከያው በሰንጠረዥ ይነበባል፤ ችግሩ ሲቸኩሉ መርሳቱ ነው።

ራቭን ሲወድቅ የሆነው

በሚያዝያ 2020 መጀመሪያ ራቭን ኤር ግሩፕ የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ 72 አውሮፕላኖቹን በሙሉ አቆመ። ከ115 በላይ መንደሮችን ያገለግል ነበር። ሰበቡ ወረርሽኙ ነው፤ መንገደኛ በቀናት ውስጥ ጠፋ። ነገር ግን ድርጅቱ ቀድሞም ቆስሎ ነበር። በጥቅምት 2019 አንዱ ሳብ 2000 አውሮፕላኑ ኡናላስካ ላይ ከመንደርደሪያው አልፎ ሄዶ አንድ መንገደኛ ሞተ። በምርመራው የተገኘው ምክንያት ትንሽ ነገር ነው፤ የማረፊያ እግሩ ሲታደስ የጎማ ፍጥነት የሚለኩ ሁለት ገመዶች ተለዋውጠው ታስረው ነበር፤ ስለዚህ ፍሬኑ እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረው ሥርዓት የሚንሸራተተውን ጎማ ትቶ ደህናውን ለቀቀ። በዚያ ላይ አብራሪዎቹ ከገደቡ በላይ በሆነ ከኋላ በሚነፍስ ነፋስ ነበር ያረፉት።

ራቭን በወደቀ ማግስት ቤሪንግ ኤር፣ ግራንት አቪዬሽንና ሌሎችም ክፍተቱን ለመሸፈን ተሯሯጡ። ያዳናቸው ያ የፖስታ ሕግ ነው፤ ፖስታው በነበረበት አለ፣ የሚጭነው ብቻ ተቀየረ። የራቭን ስም በአዲስ ባለቤት እጅ እንደገና በረረ፤ መስመሩን እየቆረጠ፣ አውሮፕላኑን እየሸጠ፣ በ2025 አበቃ። ዛሬ በብዙ የአላስካ መስመሮች የሚበረው አንድ ወይም ሁለት ኩባንያ ነው። አንዱ አውሮፕላን ሲወድቅ ወይም ለምርመራ ሲቆም የሚተካው የለም።

ኑናቩት፦ ዋናው ገዥ መንግሥት ነው

ካናዳ የመረጠችው ሌላ መንገድ ነው። እዚያም በፊት በፖስታ የሚደጎም የምግብ ጭነት ነበር፤ በ2011 ግን ተሽሮ ኑትሪሽን ኖርዝ በሚባል ፕሮግራም ተተካ። አሁን ድጎማው ለሱቆችና ለአቅራቢዎች በኪሎ ይከፈላል፤ እንደ ምግቡ ዓይነትና እንደ መንደሩ ርቀት ይለያያል። አየር መንገዱ ከሱቁ ጋር ተደራድሮ የጭነት ዋጋ ይቀበላል። በአላስካ ያለው ሰውና ካርቶንን የሚያጣምር ግዴታ እዚህ የለም። ጤናማ ምግብን ለይቶ መደጎሙ መልካም ነው፤ አየር መንገዱን ግን ለድርድር አቅም ላለው ትልቅ ሱቅ ጥገኛ ያደርገዋል።

የኑናቩትን ሰማይ ክፍት አድርጎ ያቆየው ሕክምና ነው። በግዛቲቱ ሙሉ ያለው ሆስፒታል አንድ ነው፤ ዋና ከተማዋ ኢካሉይት ላይ። በሌሎቹ መንደሮች በነርሶች የሚመራ ጤና ጣቢያ ነው ያለው። ነፍሰ ጡር እናት ቀኗ ሳይደርስ ሳምንታት ቀደም ብላ ትበራለች። ጥርስ፣ ዓይን፣ ራጅ፣ ካንሰር፣ ሁሉም ኢካሉይት፣ ኦታዋ፣ ዊኒፔግ ወይም የሎውናይፍ ነው። ስለዚህ የመቀመጫ ትልቁ ገዥ መንግሥት ነው፤ የሕክምናና የሥራ ጉዞ ውሉን ያገኘ ኩባንያ መስመሩን ያዘ ማለት ነው። ከኪሱ የሚከፍለው ሰው ያለ ውል የመጣ እንግዳ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው። ብዙ ጊዜ ከኦታዋ ለንደን ደርሶ መምጣት ከኦታዋ ኢካሉይት ከመሄድ ይረክሳል።

ይህ ገበያ ሁለት አየር መንገድ አልቻለም። ፈርስት ኤርና ካናዲያን ኖርዝ ለዓመታት በግማሽ የተሞሉ አውሮፕላኖችን በአንድ መስመር፣ በተቀራራቢ ሰዓት ሲያበሩ ኖረው በ2019 ተዋሐዱ። የፌዴራል መንግሥቱ በዋጋ ጭማሪና በበረራ ቅነሳ ላይ ገደብ ጥሎ ፈቀደ። በ2023 ደግሞ ኩባንያው በዚህ ሁኔታ መቀጠል አልችልም ስላለ ገደቦቹ ላሉ። በ2025 ኤክስቼንጅ ኢንካም ኮርፖሬሽን የተባለው የዊኒፔግ ኩባንያ በ205 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ገዛው። ይኸው ኩባንያ ቀድሞም በመካከለኛው ኑናቩት የሚበረው ካልም ኤርና የአምቡላንስ በረራ የሚያካሂደው ኪዋቲን ኤር ባለቤት ነበር። መንገደኛው፣ ጭነቱና አምቡላንሱ አንድ ጣሪያ ሥር ገቡ ማለት ነው። ክፉ ነው ብሎ መደምደም ይቸግራል፤ በአክሲዮን ገበያ የተመዘገበ ኩባንያ መለዋወጫና አውሮፕላን የመግዛት አቅም አለው፣ ትንሹ የለውም። ነገር ግን በሚቀጥለው የመንግሥት ጨረታ ተወዳዳሪ ሆኖ የሚቀርበው ማን ነው? ውል ውስጥ ሳምንታዊ የበረራ ብዛት፣ የጭነት ቅድሚያና የራስ ከፋይ ዋጋ ጣሪያ ካልተጻፈ፣ በኋላ በልመና አይገኝም።

የጠጠር መንደርደሪያ

ኢካሉይትና ራንኪን ኢንሌትን የመሳሰሉት አስፋልት አላቸው፤ አብዛኛው የኑናቩት መንደርደሪያ ጠጠር ነው። ለጄት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለአሥርት ዓመታት ሰሜንን ያገለገለው ቦይንግ 737-200 ልዩ ልብስ ነበረው፤ ከፊት ጎማው ጠጠር ወደ ሆዱ እንዳይረጭ የሚያግድ ሰሌዳ፣ ከሞተሩ አፍ ሥር የተጨመቀ አየር ወደ መሬት የሚነፋ ቧንቧ፣ የተጠናከረ የሆድ ቀለም፣ ነፋሱ የቀነሰ ጎማ። ቧንቧው የሚሠራው የሚገርም ነገር ነው፤ ሞተሩ ሲስብ ከመሬት የሚነሣውን ጠጠር አንሺ ሽክርክሪት ሳይፈጠር ይበትነዋል። የዚህ አውሮፕላን ምርት በ1988 ቆሟል። ከእሱ በኋላ የመጡት 737ዎች ሞተራቸው ሰፊና ለመሬት የቀረበ ስለሆነ ይህ ዕቃ አይገጠምላቸውም። ስለዚህ ዛሬ ጠጠር ላይ በብዛት የሚያርፉት ኤቲአር 42ና ዳሽ 8 ናቸው፤ ለአጭሩ ደግሞ ትዊን ኦተር። ግማሽ ሰው ግማሽ ጭነት የሚይዙ፣ መካከለኛው ግድግዳቸው ወደፊትና ወደኋላ የሚገፋ። ጠጠር ፕሮፔለርን ይበላል፤ የተሸረፈውን ጠርዝ በሞረድ ማለስለስ የመካኒኩ የዘወትር ሥራ ነው።

ለእኛ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1940ዎቹ በዲሲ-3 ሲጀምር አስፋልት አልጠበቀም፤ ዛሬም የሀገር ውስጥ በረራውን የሚይዘው ዳሽ 8 የዚያው የካናዳ ቤተሰብ ነው። ልዩነቱ እዚህ መኪና መንገድ ሲመጣ ብዙ ትንንሽ ማረፊያዎች ሥራቸውን ለአውቶቡስ ማስረከባቸው ነው። በኑናቩት ያ ቀን አይመጣም።

መሬቱም እየከዳ ነው። ዓመት እስከ ዓመት በረዶ ሆኖ የኖረው አፈር ሲቀልጥ መንደርደሪያው ይሰምጣል፣ ይጎብጣል፤ በየዓመቱ ጠጠር መጨመር ግድ ይላል፤ ጠጠሩ ራሱ በመርከብ የሚመጣበት መንደርም አለ። በጥቅምት 2025 የሃሎንግ አውሎ ነፋስ ርዝራዥ የምዕራብ አላስካን ኪፕኑክና ክዊጊሊንጎክን ሲመታ ቤቶች ከመሠረታቸው ተነሥተው ተንሳፈፉ። ነዋሪዎቹ የወጡት በአየር ነው፤ ወደ ቤተል፣ ከዚያ ወደ አንኮሬጅ።

ቻርተርና አብራሪ

መደበኛ በረራ ሲቀር ሰው ወደ ቻርተር፣ ማለትም አውሮፕላኑን በሙሉ ወደ መከራየት ይሄዳል፤ ሒሳቡ ያስደነግጠዋል። ቻርተር የሚከፈለው አውሮፕላኑ ከሠፈሩ ተነሥቶ እስኪመለስ ነው። ባዶውን መጥቶ ሊወስድህ፣ አድርሶህ ባዶውን ሊመለስ፣ ሁሉንም ጉዞ አንተ ትከፍላለህ። መደበኛውም በረራ ቢሆን ያው ሕመም አለበት፤ ወደ ሰሜን የሚሄደው ሞልቶ ነው፣ ወደ ደቡብ የሚመለሰው ጭነት ክፍሉ ባዶ ነው። ዓሣና የማዕድን ናሙና ካልተገኘ በስተቀር የሚመለስ ጭነት የለም። ነዳጁም በመንደሩ ታንከር የሚገባው በበጋ በመርከብ ነው፤ ያ ከተሸጠ እስከሚቀጥለው መርከብ ድረስ አውሮፕላኑ የደርሶ መልሱን ነዳጅ ይዞ ይሄዳል፤ በዚያው ልክ የሚጫነው ይቀንሳል።

አብራሪ ማቆየት ደግሞ ከሁሉ ከባድ ሆኗል። በአሜሪካ ለንግድ በረራ በዓይን እያዩ ብቻ ለመብረር 500 ሰዓት፣ በመሣሪያ ለመብረር 1,200 ሰዓት ልምድ ይጠየቃል። ትልልቆቹ አየር መንገዶች ከ2013 ጀምሮ 1,500 ሰዓት ይጠይቃሉ። ስለዚህ ወጣቱ በካራቫን ሰዓቱን ሞልቶ፣ ተራራውንና ነፋሱን ለይቶ ባወቀበት ወቅት ይሄዳል። ብዙ ኩባንያዎች የሁለት ሳምንት ሥራ የሁለት ሳምንት ዕረፍት እየሰጡ፣ ማደሪያ እያዘጋጁ ለማቆየት ይሞክራሉ። በካናዳ በ2022 መጨረሻ ለትንንሽ አውሮፕላን ኩባንያዎች የወጣው የሥራ ሰዓት ገደብ ደግሞ አምስት መንደር የሚዞር አብራሪ በሁለተኛው ላይ በጉም ከታሰረ ቀሪውን ሳይጨርስ ሰዓቱ እንዲሞላበት አድርጓል። ድካምን መቀነሱ ትክክል ነው። ሁለተኛ ቡድን መቅጠር ማለት ግን ሁለተኛ ደመወዝ፣ ሁለተኛ ማደሪያ፣ ሁለተኛ ሥልጠና ነው፤ ይህን ወጪ የትኛው ውል እንደሚሸፍነው ግልጽ አይደለም።